ዓርብ፣ ሰባት ሰዓት ከአስር

የከብት ጠባቂውን ሞላን ያገኙት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ገና ሜዳውን ማቃጠል ሳትጀምር። በረቱ በር ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱ ተሰብሯል። ዱላው ከእጁ አልወጣም።

በረቱ ባዶ ነው። ሰባት ሰንጋ ነበረበት። አንድም የለም።

ዋና ሳጅን ሙህዲን ሬሳውን ሁለት ጊዜ ዞረው። ከዚያ ኮቴውን ተከተለ። ኮቴው በግራር መሀል አልፎ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። አስፋልቱ ጫፍ ላይ የመኪና ጎማ መሬቱን ቦርቡሮታል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

የሰንጋዎቹ ባለቤት ታሂር በረቱ አጥር ላይ ተደግፎ ቆሟል። ስልሳ ያለፈው ደረቅ ሰው ነው። አላለቀሰም።

«እዚህ ያመጣሃቸው መቼ ነው አያ ታሂር?»

«ሐሙስ አመሻሽ። ሮቢት አካባቢ ከብት ተነዳ ሲባል ፈራሁ። ከጎብዬ ወዲህ እዚህ ጥሻ ውስጥ ማን ይፈልገኛል ብዬ።»

«እዚህ መሆናቸውን ማን ያውቃል?»

«እኔ። ሞላ። አላህ።»

«ሞላ ለሰው ነግሮ ይሆናል።»

«ሞላ ስልክ የለውም። ከሐሙስ ጀምሮ ከዚህ በር አልተነቃነቀም። አስራ አንድ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። በሬሳው ላይ እንዲህ አትበል።»

«ሌላስ?»

ታሂር ምራቁን ተፋ።

«ማህበሩ» አለ። «ማህበሩ ያውቃል።»

ማህበሩ የሰንጋ አድላቢዎች ማህበር ነው። ቆቦ ከተማ ውስጥ ሁለት ክፍል ቢሮ አለው። ሥራው ቀላል ነው። አባላቱ የሚያደልቡትን ሰንጋ ፎቶ አንስቶ፣ ክብደቱንና ዕድሜውን ጽፎ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ገዢ አዲስ አበባ ተቀምጦ ያያል፣ ይመርጣል። ሰንጋው የት እንደታሰረ ግን ለገዢ አይታይም። ያ የተጻፈው ጫኝ መኪና ለመላክ ሲባል በውስጥ ገጽ ላይ ነው። የውስጥ ገጹ ደግሞ የሚከፈተው በቢሮው ኮምፒውተር ብቻ ነው።

ሳጅን ሙህዲን ኮምፒውተር አያውቅም። ሰው ግን ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲዋሽ አይቷል።

ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠበቁት። ሥራ አስኪያጁ መህዲ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዳዊት፣ ድረ ገጹን የምትሠራው ቅድስት።

ቅድስት ገና ከወልድያ መመለሷ ነው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ቦታውን የመዘገብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ዓርብ ጠዋት አያ ታሂር ደውለው ነገሩኝ። መዝግቤ በአምስት ሰዓቱ መኪና ወልድያ ሄድኩ፣ ለሥልጠና። ያደርኩትም እዚያ ነው።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እሺ። ከአንቺ ሌላ ያንን ገጽ ማን መክፈት ይችላል?»

ቅድስት መልስ ከመስጠቷ በፊት መህዲ ተናገረ። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጺሙ በሥርዓት የተከረከመ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። የሙህዲን የሰፈር ሰው ነው።

«እኔና ዳዊት። የይለፍ ቃሉ አንድ ነው። ሁለታችንም እንጠቀምበታለን።»

«ዓርብ ከፈትከው?»

«አልከፈትኩም።»

«አንተስ ዳዊት?»

«እኔ የሰንጋ ጤና እንጂ የሰንጋ አድራሻ ምን ያደርግልኛል?» አለ ዳዊት። ወጣት ነው። አነጋገሩ ስል ነው፤ ሰው አይወድለትም። «ታሂር ሰንጋዎቹን ማዛወሩንም የሰማሁት ዛሬ ነው።»

«የጠየቅኩህ ከፈትክ ወይ ነው።»

«አልከፈትኩም።»

ሁለት ሰዎች። ሁለቱም አልከፈትኩም አሉ። ሙህዲን ወደ ቅድስት ዞረ።

«ማን እንደገባ ዕቃው ራሱ አይናገርም?»

«ስም አይናገርም» አለች። «ቆጣሪ ግን አለው። የትኛው ገጽ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በስልክ ይሁን በኮምፒውተር ይቆጥራል። ማንም አይቶት አያውቅም እንጂ። የማህበሩ ቦርድ ቆጣሪውን ከሪፖርት ሰሌዳው ጋር አገናኚልን፣ ገዢው ምን እንደሚያይ እንወቅ ካለኝ አራት ወር ሆነው።»

«ለምን አላገናኘሽም?»

ቅድስት ሥራ አስኪያጇን አየችው።

«ሌላ ሥራ ስለነበረብን ነው» አለ መህዲ። «አሁንም ቢሆን ምን ይጠቅማል? ዛሬ ብታገናኘው የሚቆጥረው ከዛሬ ጀምሮ ነው። ዓርብ አልፏል።»

«አይደለም አቶ መህዲ። ቆጣሪው ድረ ገጹ ከተከፈተ ጀምሮ ሲቆጥር ነው የኖረው። ማገናኘት ማለት በር መክፈት ነው። በሩ ሲከፈት የቆየውም ሁሉ ይመጣል።»

ሙህዲን የሥራ አስኪያጁን እጅ አየ። ብዕሩን ከጠረጴዛው አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«አገናኚው» አለ ሙህዲን።

ቅድስት እሑድን ሙሉ ሠራች። የቦርዱ አባላት ሽማግሎች ናቸው፤ ለእነሱ ብላ የሰዓቱን አጻጻፍ ከፈረንጅ ወደ አገር ቤት አቆጣጠር ቀየረችው።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ቢሮው ውስጥ ቆሙ። ታሂርም መጣ። ከደጅ የሞላ ሁለት ወንድሞች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ደጋ ያደጉ ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አይናገሩም።

ቅድስት ሰሌዳውን ከፈተች።

«መመዝገቢያው በሌላ በር ስለሆነ የእኔ አይቆጠርም» አለች። «የሚቆጠረው ገጹን ገብቶ ያየ ነው። የአያ ታሂር ሰንጋዎች የውስጥ ገጽ… ዓርብ ዕለት አንድ ጊዜ ታይቷል። በቢሮው ኮምፒውተር።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች።

«ሰባት ሰዓት ከአስር።»

ሁሉም በየልቡ አሰበ። ዓርብ፣ ሰባት ሰዓት። የጁምዓ ሰዓት።

መህዲ ትንፋሹን ለቀቀ። ሙህዲን ሰማው።

«ሰባት ሰዓት ላይ መስጊድ ነበርኩ» አለ መህዲ። ወደ ሙህዲን ዞረ። «ሳጅን፣ አጠገብህ አልነበርኩም?»

ነበር። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሰግደዋል። ሲወጡ ጫማቸውን የፈለጉት አብረው ነው።

«ነበርክ» አለ ሙህዲን።

«ቢሮ ማን ቀረ?» አለ ታሂር።

ሁሉም ዳዊትን አዩ።

«እኔ ነኝ የቀረሁት» አለ ዳዊት። «ዓርብ ጾም ነው፤ ምሳ አልበላም። ሁልጊዜም ዓርብ እኔ ነኝ የምቀረው። ግን አልነካሁም!»

«ብቻህን ነበርክ?» አለ ሙህዲን።

«ብቻዬን።»

«ሰባት ሰዓት ከአስር ላይ?»

«አዎ፣ ግን…»

ታሂር ጠጋ ብሎ ፊቱ ላይ ተፋበት።

«ሰንጋዬን መርፌ ስትወጋ አሻሽተህ ነበር» አለ። «ለካ ዋጋ ስታወጣ ነው።»

ዳዊት ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። የሞላ ወንድሞች ከደጅ ሆነው አዩት። አንደኛው ፊቱን ለማስታወስ የፈለገ ይመስል ረጅም ጊዜ አየው። ሙህዲን ዳዊትን በካቴና አስሮ ያወጣው በጓሮ በር ነው።

ዘወልድ፣ የራያ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ረቡዕ ሊቀመጥ ተቀጠረ። የሞላ ወንድሞች እዚያ ቆመው ገዳዩ ይነገረን ይላሉ። ፖሊስ ያሰረው ሰው ስሙ ይጠራል። ስም አንዴ ከተጠራ ደግሞ ፍርድ ቤት እስኪፈርድ የሚጠብቅ ላይኖር ይችላል። ዋጃ ያሉት የዳዊት ወንድሞች ሰኞ ማታውኑ ልጆቻቸውን ወደ አላማጣ አሻገሩ።

ሙህዲን ይህን ሁሉ ሰማ። ነገሩ ያለቀለት ነው። ግን ያቺ ትንፋሽ ከጆሮው አልወጣችም። ንጹሕ ሰው ሰዓት ሲነገረው መጀመሪያ ያስባል፤ የት ነበርኩ ይላል። መህዲ አላሰበም። አረፈ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ እስር ቤቱ ሄደ። ዳዊት ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል።

«ደግሞ ምን ቀረ?» አለ። «ደብድቡኝና አምናለሁ። ይቅለላችሁ።»

«ዓርብ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ምን ሠራህ?»

«ምንም።»

«ሰው ምንም አይሠራም? ተነሳህ፣ ተቀመጥክ፣ ስልክ አየህ።»

«ልተኛ ሞከርኩ። ሁለት ወንበር ገጥሜ ተጋደምኩ። አልተኛሁም። ሙቀቱ ገደለኝ።»

«ማራገቢያ አላችሁ።»

«አይዞርም ነበር።»

«ተበላሽቶ?»

«ምን ይበላሻል? መብራት አልነበረም። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ የመጣው ልሄድ ስል ነው።»

ሙህዲን ጠጋ አለ።

«ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ዳዊት። «ቢሮ ነበርክ ወይ አላችሁኝ። ነበርኩ አልኩ። ተፋችሁብኝ። ደግሞስ እዚህ አገር መብራት ጠፋ ብሎ የሚያወራ አለ?»

ሙህዲን ዓርብን አስታወሰ። መስጊዱ ሞልቶ ነበር። እሱና መህዲ የደረሱት ዘግይተው ስለሆነ የቆሙት ከኋላ ነው። ኢማሙ ሲናገሩ ከንፈራቸው ይታያል፣ ድምፃቸው አይሰማም። ድምፅ ማጉያው ዝም ብሏል። ሰዎች አንገታቸውን ሲያሰግጉ አይቷል። ራሱም አስግጎ ነበር።

የቢሮው ኮምፒውተር ከግድግዳ ካልተሰካ አይበራም። በሰባት ሰዓት ከአስር ማንም ምንም አልከፈተም።

«ልትሄድ ስትል ነው ያልከው» አለ። «ወዴት?»

«ዋጃ። የአጎቴ ሚስት አርፋ ለቅሶ ነበረብኝ። ስምንት ተኩል ላይ ወጣሁ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። የዋጃ ሰው ሁሉ አይቶኛል። እዚያው አደርኩ።»

ሙህዲን ወጣ። በሩን የቆለፈው በቀስታ ነው።

ቅድስትን ብቻዋን ቢሮ ውስጥ አገኛት። መህዲ ገበያ ወጥቷል።

«ያንን ገጽ አሁን ክፈቺው» አላት።

«የአያ ታሂርን? ለምን?»

«ክፈቺው።»

ከፈተችው። ሙህዲን የእጅ ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት ከሃያ።

«አሁን ሰሌዳው ላይ አሳዪኝ።»

«ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል።»

ጠበቁ። ማራገቢያው ከራሳቸው በላይ ይዞራል። ቅድስት ሰሌዳውን አደሰችው። አንድ መስመር ተጨመረ።

ሙህዲን መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለ።

«አስራ ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ ንጋት» ብሎ አነበበ። «ዛሬ ንጋት አስራ ሁለት ከሃያ ላይ እዚህ ማን ነበር?»

«ማንም። ቢሮው የተከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።»

«ታዲያ ይህ ማነው?»

ቅድስት ስክሪኑን አየች። ሰዓቱን አየች። እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

«እኛ ነን» አለች። «አሁን የከፈትነው ነው።»

«አስረጂኝ። በቀላል።»

«ቆጣሪው የኛን ሰዓት ይዟል። ሪፖርቱ ግን ሌላ ዕቃ ነው፤ ሲፈጠር ጀምሮ የያዘው የውጭ አገር ሰዓት ነው። ከኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። መጀመሪያ ያንን ማስተካከል ነበረብኝ። አላየሁትም። እኔ የለወጥኩት አጻጻፉን ብቻ ነው፤ ሽማግሎቹ እንዲያነቡት።»

«አጻጻፉ የኛ ስለሆነ ሰዓቱም የኛ መሰለን።»

«የፈረንጅ ቁጥር ቢሆን ኖሮ እጠራጠረው ነበር» አለች ቅድስት። «እኔ ነኝ ዳዊትን ያሳሰርኩት።»

«አብረን ነን። እኔም መስክሬበታለሁ። ሰባት ከአስር ላይ ሦስት ጨምሪ።»

«አስር ሰዓት ከአስር።»

ሙህዲን ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻ ጠየቀ። ቢሮውን የምታጸዳዋን ኡሙሃኒን። ቤቷ ከቢሮው ጀርባ ነው። በር ላይ ቆማ መለሰችለት፤ ግባ አላለችውም።

«እትዬ ኡሙሃኒ፣ ዓርብ አስር ሰዓት ላይ ቢሮ ማን ነበር?»

«መህዲ ነዋ። እንደ ወትሮዬ ልጠርግ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጎ ራሱን ብቻ አወጣና ዛሬ ይቅር፣ ነገ አለኝ። ስድስት ዓመት ስጠርግ ይቅር ብሎኝ አያውቅም።»

«ሌላ ሰው አልነበረም?»

«አልነበረም። ምነው? እናንተ ያንን ልጅ አስራችሁ የለ? አሁን ደግሞ ምን ልትሉ ነው?»

ሙህዲን አመስግኖ ሄደ።

መህዲ ተጠርቶ ስምንት ሰዓት ላይ ፖሊስ ጣቢያ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ሳይባል ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ነገ ዘወልድ ላይ ትመሰክርልኛለህ መሰለኝ» አለ።

«እመሰክራለሁ። ለዚሁ ነው የጠራሁህ። ዓርብ ጁምዓ አጠገቤ ነበርክ።»

«ነበርኩ። አንተው ተናግረሃል።»

«ሽማግሎቹ ዝርዝር ይጠይቁኛል። ኢማሙ በኹጥባው ስለ ምን ተናገሩ?»

«አንተ አልሰማህም?»

«ጆሮዬ ደክሟል። አንተ ንገረኝ።»

«እኔስ ከየት እሰማለሁ? ከኋላ ነበርን። ድምፅ ማጉያው እንደሆነ ሞቶ…»

አቆመ።

ሙህዲን ጠበቀው። ከደጅ ባጃጅ አለፈ።

«ጨርሰው» አለ። «ለምን ሞተ?»

መህዲ ጠረጴዛውን አየ።

«መብራት ስላልነበረ ነው» አለ ሙህዲን። «አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቅ ነበር። እኔ ረሳሁት። አንተ ግን ሰኞ ዕለት ሰባት ከአስር ሲባል አልረሳህም። መብራት ሳይኖር ያ ኮምፒውተር እንደማይነሳ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ዳዊት ሲታሰር ዝም ብለህ አየህ።»

«ዝም ማለት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። አስር ሰዓት ከአስር ላይ የታሂርን ገጽ ከፍተህ ኡሙሃኒን ከበር መመለስህ ነው ወንጀሉ። የሪፖርቱ ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነበር። ቅድስት አስተካክላዋለች። ነገ ሽማግሎች ፊት ትከፍተዋለች።»

መህዲ ከሸሚዙ አንገት አንድ ቁልፍ ፈታ።

«ሞላ እንዲሞት አላልኩም» አለ በመጨረሻ። «ሰንጋዎቹን ብቻ ንዱ ነው ያልኳቸው።»

«ለማን?»

ሁለት የሮቢት ከብት ደላሎችን ስም ጠራ። ሙህዲን ጻፈ።

«ምን ሊሰጡህ?»

«ምንም አልጠየቅኩም። እነሱ ሰንጋ ይፈልጋሉ። እኔ ታሂር እንዲያለቅስ እፈልጋለሁ።»

«እንድሪስ ነው?»

እንድሪስ የመህዲ ታናሽ ወንድም ነው። ከአራት ዓመት በፊት ግመል ሰረቀ ተብሎ ዘወልድ ፊት ቀረበ። ታሂር ቁርኣን ይዞ አይቼዋለሁ አለ። እንድሪስ ያንን ኀፍረት ተሸክሞ አገር ለቀቀ። ዓረብ አገር ሊሻገር ሲል በረሃ ላይ ቀረ። ውሃ ጥም ነው አሉ አብረውት የነበሩት።

«ሬሳውን አላየሁም» አለ መህዲ። «እናቴ እስከ ዛሬ በሩን ሳትዘጋ ነው የምትተኛው። እሱ ደግሞ ሰንጋውን ፎቶ እንዳነሳለት ቢሮዬ እየመጣ፣ ወንበሬ ላይ እየተቀመጠ፣ ሻይ አምጣ ይለኛል።»

«ታሂር ዋሽቶ ነበር?»

መህዲ ቀና አለ። ዓይኑ ደርቋል።

«አልዋሸም። ቢዋሽ ኖሮ ሽማግሌ ፊት አቁሜ እከሰው ነበር። እውነቱን ምን ላድርገው?»

ሙህዲን ካቴናውን አወጣ። እጁን ሲያስረው ትከሻቸው ተነካካ። ሁለቱም ወደ ኋላ ሸሹ።

ደላሎቹ በዚያው ቀን ተያዙ። ከሰባቱ ሰንጋ ውስጥ አምስቱ በሕይወት ተገኙ። ሞላን የመታው የትኛው እንደሆነ እርስ በርሳቸው ተወነጃጀሉ።

ረቡዕ ሙህዲን ዘወልድ ፊት ቆመ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሰኞ የሰጠሁት ምስክርነት ሰው አሳስሯል፤ ስህተቱ የኔ ነው አለ። የሞላ ወንድሞች አዲሱን ስም ሰሙ። ሽማግሎቹ ደሙን ለፍርድ ቤት እንዲተዉ አስማሏቸው። ማሉ። ሲምሉ ግን ማንንም አላዩም።

ዳዊትን የፈታው ሙህዲን ራሱ ነው። ታሂር በር ላይ ጠበቀው። ለሰላምታ እጁን ዘረጋ።

«ሰንጋዎቹ ቆስለዋል» አለ ታሂር። «ልጄ፣ እባክህ…»

ዳዊት የተዘረጋውን እጅ አየ። አልነካውም።

«የት ነው ያሉት?» አለ። «ሰንጋው አልበደለኝም። አንተን ግን በረቱ ውስጥ እንዳላይህ።»

ከዚያ ወደ ሙህዲን ዞረ።

«ሳጅን፣ ሰኞ ዕለት መብራት አልነበረም ብዬ ብጮህ ታምኑኝ ነበር?»

ሙህዲን ሊመልስ ፈለገ። ዳዊት አልጠበቀውም።

በሳምንቱ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ማራገቢያው በድንገት ቆመ። ማንም ቀና አላለም። ጸሐፊዋ ወረቀት አንስታ ፊቷን ማራገብ ጀመረች።

ሙህዲን ከኪሱ ደብተር አወጣ። የእጅ ሰዓቱን አየ። ሰዓቱን ጻፈ።